የ1858ቱ የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ገመድ

ይህ ገመድ ከአየርላንዷ ቫለንሺያ ደሴት እስከ ኒውፋውንድላንድ፣ ትሪኒቲ ባሕረ ሰላጤ ድረስ በውቅያኖስ ወለል ላይ ተዘርግቶ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌግራፍ ያገናኘ መስመር ነው። ኤሌክትሪክ አስተላላፊው የመዳብ ሽቦ፣ ፍሰቱ ወደ ባሕሩ እንዳያመልጥ ጉታ ፐርቻ በተባለ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፎች በሚገኝ ሙጫ ተለብጦ፣ ከላዩ የብረት ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በአሜሪካዊው ነጋዴ ሳይረስ ፊልድ አነሳሽነት የተጀመረው ሥራ ገመዱ በተደጋጋሚ እየተበጠሰ ቢሰናከልም፣ «አጋሜምኖን» የተባለችው የእንግሊዝና «ናያጋራ» የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከቦች በውቅያኖሱ መካከል ተገናኝተው፣ የያዟቸውን ገመዶች ቀጥለው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየዘረጉ ሄደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1858 አጠናቀቁት።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካነን የላከችው የ98 ቃላት መልእክት ለመተላለፍ 16 ሰዓት ያህል ቢወስድም፣ ያን ጊዜ ደብዳቤ በመርከብ ቀናት ይፈጅ ስለነበር ሕዝቡ ዝግመቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኒው ዮርክ መድፍ ተተኮሰ፤ ለበዓሉ የተተኮሰው ርችት የማዘጋጃ ቤቱን ጉልላት በእሳት አያያዘው፤ ቲፋኒ የተባለው የጌጣጌጥ መደብርም የተረፈውን ገመድ እየቆራረጠ ለመታሰቢያ ሸጠ። ደስታው ግን ከሥራው ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከመጀመሪያውም ደካማ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ኃላፊው ዋይልድማን ዋይትሃውስ ምልክቱን ለማጠናከር ከፍተኛ ቮልቴጅ መጠቀሙ ጉዳቱን አባብሶት ገመዱ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ጸጥ አለ። ዘላቂ ግንኙነት የተመሠረተው «ግሬት ኢስተርን» የተባለችው ግዙፍ መርከብ በ1866 ሌላ ገመድ ስትዘረጋ ነው።