ማይክሮ አርኤንኤ 122 (ሚር-122)

ማይክሮ አርኤንኤ 122፣ በአጭሩ ሚር-122፣ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚገኝና የሌሎች ጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር አጭር የአርኤንኤ ክር ነው። ርዝመቱ 22 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ያህል ነው፤ በሰው ላይ የሚመነጨው በ18ኛው ክሮሞሶም ላይ ካለ ጂን ነው። በሕክምና ምርምር የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ዒላማ ሆኖ በሰው ላይ የተሞከረ የመጀመሪያው ማይክሮ አርኤንኤ ነው። ሁለተኛ፣ በደም ውስጥ መጠኑ ሲጨምር ጉበት መጎዳቱን ይጠቁማል።

ግኝትና አሠራር

የማይክሮ አርኤንኤዎች መኖር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን 1 ሚሊሜትር ገደማ በምትረዝም ሲ. ኤለጋንስ በተባለች ትል ላይ ሲመራመሩ ሊን-4 የተባለውን የመጀመሪያውን አገኙ፤ ለዚህም የ2024ን የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ግኝቱ ለዓመታት የትሏ ልዩ ጠባይ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ፣ በ2000 ሌት-7 የተባለው ሁለተኛ ክር ከሰው ጭምር በመገኘቱ ትኩረት ሳበ። ሚር-122ን በ2002 ከአይጥ ጉበት የለየው በጀርመን ይሠራ የነበረው የቶማስ ቱሽል ቡድን ነው። በጉበት ውስጥ ካለው ማይክሮ አርኤንኤ ሁሉ 70 በመቶ ያህሉ እሱ ነው።

ጂኑ መጀመሪያ የሚያወጣው ረዘም ያለና በራሱ ላይ የተጣጠፈ ክር ነው። ይህን ክር ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም በሕዋሱ ኒውክለስ ውስጥ፣ ዳይሰር የተባለው ደግሞ ከኒውክለስ ውጭ ይቆርጡታል። የተረፈው አጭር ክር አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የሚገጥመውን መልእክተኛ አርኤንኤ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ፕሮቲን እንዳይሠራበት ያግደዋል ወይም እንዲፈርስ ያደርገዋል። ለመግጠም በዋናነት የሚያስፈልጉት ሰባት ያህል ፊደላት ብቻ ስለሆኑ አንድ ማይክሮ አርኤንኤ በርካታ ጂኖችን ይነካል። አንዱን በመድኃኒት ማገድ ያልታሰበ መዘዝ ሊያመጣ የሚችለውም ለዚህ ነው።

የመድኃኒት ዒላማ

በ2005 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፒተር ሳርኖ ቡድን ያልተጠበቀ ነገር አገኘ፦ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ጉበት ውስጥ ለመራባት ሚር-122 ያስፈልገዋል። ሚር-122 በቫይረሱ አርኤንኤ መነሻ አካባቢ ሁለት ቦታ ላይ ይጣበቃል። እንደ ልማዱ ግን ዝም አያሰኘውም፤ የሕዋሱ ኢንዛይሞች እንዳይበሉት ይከላከልለታል።

የዴንማርኩ ኩባንያ ሳንታሪስ ፋርማ ሚራቪርሰን የተባለውን መድኃኒት የሠራው ይህን ትስስር ለመበጠስ ነው። ሚራቪርሰን ከሚር-122 ጋር የሚገጥም፣ 15 ኑክሊዮታይድ ያለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። በ2013 ይፋ የሆነው ሙከራ 36 ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ፣ ከቆዳ ሥር ተወጋ። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 9 ሕሙማን በክትትሉ ወቅት ከ4ቱ ደም ቫይረሱ ጠፋ፤ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ ግን ሕክምናው ካበቃ በኋላ ተመልሶ ታየ። በዚያው ዓመት ሶፎስቡቪር የተባለው ሌላ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ቫይረሱን ራሱን የሚያጠቁ እንደዚህ ያሉ እንክብሎች ተቀናጅተው ሲሰጡ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ሕሙማን በጥቂት ወራት ስለሚያድኑ የሚራቪርሰን ተፈላጊነት ቀነሰ።

ሌላ ሥጋትም ነበር። በ2012 በወጣ ጥናት ሚር-122 የሌላቸው አይጦች ጉበታቸው በስብ ተሞላ፣ ጠባሳ ያዘ፣ በኋላም ካንሰር ወጣበት። ይኸው ሞለኪውል ላይ ያነጣጠረው አርጂ-101 የተባለው መድኃኒት ደግሞ በ2016 በሙከራው ተሳታፊዎች ላይ ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ በመታየቱ በአሜሪካ ታገደ፤ ሥራውም በቀጣዩ ዓመት ተቋረጠ። እስከ 2024 ድረስ ማይክሮ አርኤንኤን ዒላማ ያደረገ አንድም መድኃኒት ለሕክምና አልተፈቀደም።

የጉበት ጉዳት ጠቋሚ

የጉበት ሕዋስ ሲጎዳ በውስጡ ያለው ሚር-122 ወደ ደም ይፈስሳል። ተራ አርኤንኤ በደም ውስጥ ፈጥኖ ይፈርሳል፤ ማይክሮ አርኤንኤ ግን ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ወይም በጥቃቅን ከረጢቶች ታቅፎ ስለሚጓዝ ለምርመራ ይቆያል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ በወሰደ ሰው ላይ ነው። ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሆስፒታል ሲደርስ፣ የተለመደው የጉበት ምርመራ፣ ማለትም ኤኤልቲ፣ ገና ጤናማ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። በ2013 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ግን ኋላ ጉበታቸው በተጎዳ ሕሙማን ደም ውስጥ ሚር-122 በዚያው ሰዓት ከፍ ብሎ እንደነበር አሳይቷል። በተጨማሪም ኤኤልቲ ጡንቻ ሲጎዳም ይጨምራል፤ ሚር-122 ግን በአብዛኛው የጉበት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ኤኤልቲን አልተካም። መጠኑ በጤነኞች መካከል እንኳ በሰፊው ይለያያል፤ መለኪያው ፒሲአር የሚጠይቅ ሲሆን ላቦራቶሪዎች የጋራ የአሠራር ደረጃ አላወጡለትም። ሚር-122 ጉበት መጎዳቱን ይናገራል እንጂ የጎዳው ቫይረስ፣ አልኮል ወይም መድኃኒት መሆኑን ለይቶ አይናገርም።