የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ተስፋም እንደ ገንዘብ ይበደሩታል፤ ብድሩን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ የተበደረው አይደለም። አታሪ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም በ«ኢ.ቲ.» ስም የተሠራ የቪዲዮ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ለ1982 የገና ገበያ ለማድረስ ቸኮለ። ወራት የሚጠይቀውን ሥራ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ በ5 ሳምንት ግድም አጠናቀቀ። ልጆች በናፍቆት ከፈቱት፤ የወደዱት ፍጡር ግን ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ አስመረራቸው። በ1983 ያልተሸጠው ካሴት ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር በኒው ሜክሲኮ፣ በአላሞጎርዶ የቆሻሻ መጣያ ተቀበረ። በ2014 ተቆፍሮ ሲወጣ ዋርሾ በስፍራው ቆሞ ነበር። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በተስፋችን የተበደሩት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ለሠላሳ ዓመታት በመያዣነት የቆየው ግን የአንድ ሠራተኛ ስም ነው።