ዓለምን የሞላች የማሰሮ ቡና

ሞጣ ብርዳም አገር ናት። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ በየጓሮው የሚያምርባት ጌሾው ነው እንጂ ቡናው አይደለም። ቡና ወይና ደጋውንና ጥላውን የሚወድ፣ ውርጭ ሲነካው የሚከስል ተክል ነው። ታዲያ የሞጣ ሰው ከገበያ የሚሸምተውን ቡና በገዛ ቤቱ አብቅሎ ማየት ቢያምረው ምን ያድርግ? መልሱ ማሰሮ ነው። መልሱ ግን አዲስ አይደለም፤ ቡና ዓለምን የዞረው በማሰሮ ተተክሎ ነውና።

ቡና ከኢትዮጵያ ጫካ ወጥቶ የመን ከተሻገረ በኋላ፣ ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጃቫ ደሴት ላይ ተከሉት። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ አንድ ችግኝ ወደ አምስተርዳም የአትክልት ሥፍራ ተላከ። አምስተርዳም ከሞጣ ይልቅ ትበርዳለችና ችግኙ በሚሞቅ የመስታወት ቤት ውስጥ አድጎ አፈራ። በ1714 የከተማይቱ ሹማምንት አንድ ዛፍ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ገጸ በረከት አድርገው ሰጡ። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ገብርኤል ደ ክሊዮ የተባለ መኮንን ከፓሪስ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተጓዘ። መርከቡ ላይ ውሃ በመስፈሪያ ሲታደል ድርሻውን ከችግኙ ጋር እየተካፈለ እንዳደረሰው ራሱ በኋላ ጽፏል።

አንዲት ተክል ለዚህ ሁሉ እንዴት በቃች? አረቢካ የሚባለው የእኛ ቡና አበባው በራሱ ብናኝ ስለሚዳብር አጋር ዛፍ ሳይሻ ብቻውን ያፈራል። ይህ ጸጋ ግን ዕዳም አለበት። ከጥቂት ዛፎች የተባዛው ዘር እጅግ ተመሳሳይ በመሆኑ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም አይምርም። የቡና ቅጠል ዋግ በ1869 ሴይሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ታየና እርሻውን አጠፋው፤ ሰዉም ወደ ሻይ ዞረ። በ1970 ብራዚል ደረሰ።

ከጎጃም ሳንወጣ የዚህን ተቃራኒ እናገኛለን። በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ እየተባለ ይተረካል። በባህሉ ማረስም ከብት ማሰማራትም ነውር ሆኖ ስለኖረ ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በራሱ ቅጠል በዳበረ አፈር ላይ ቆይቷል። የሚገርመው፣ ብዙ ካህናት ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ ነው ብለው ይሸሹት ነበር። ይህ ስሜት የላላው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እየጠጡ፣ አቡነ ማቴዎስም ካህናቱን እያግባቡ ነው።

በማሰሮ የሚተክል ሰውም ይህንኑ ጫካ በትንሹ መፍጠር አለበት። ዘሩ ከቀይ እሸት ቡና የወጣ ይሁን፤ የቆየ ፍሬ አይበቅልም። አፈሩ ቅጠላ ቅጠል የበዛበት፣ ማሰሮውም ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳያገኘው በመጋረጃ አጠገብ ይቀመጥ፤ ማታ ሲበርድ ወደ ውስጥ ይግባ። ጃፓኖች ቦንሳይ የሚሉት ጥበብ፣ ትርጉሙም በዝርግ ሳህን መትከል ማለት የሆነው፣ እዚህ ላይ ይረዳል። ጫፉን መቁረጥ ቁመቱን ይገታል፤ አፈሩ ሲለወጥ ሥሩን በጥቂቱ መከርከም ይገባል። ቅጠሉና ፍሬው ግን እንደ ግንዱ አያንሱም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ውሃውን ለጥቂት ሳምንት ቀነስ አድርጎ ኋላ በደንብ ማጠጣት፣ ከበጋ በኋላ እንደሚመጣ ዝናብ ሆኖ፣ ነጩን አበባ ይቀሰቅሰዋል።

እንግዲህ የማሰሮ ቡና ለቤት ጌጥ ነው፤ ለዘር ግን መጠጊያ አይሆንም። ዋግ የሚቋቋም፣ ድርቅ የሚችል ዘር የሚፈለገው በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ነው። ከእነርሱም ከፋና ያዩ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። እነዚያ ዛፎች ከተመነጠሩ በአምስተርዳምም ሆነ በሞጣ መስኮት ያለች አንዲት ቡና አትተካቸውም።