ከአሮጌ የሀበሻ ቀሚስ የተገጣጠመ ብርድ ልብስ፦ የስፌቱ ትርፍ ሲጠብ ምን እናድርግ?

እዚህ ሃይፋ በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ማንም የማይለብሰው፣ ማንም ግን የማይጥለው የሀበሻ ቀሚስ አይጠፋም። የእናት ወይም የአያት ነው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ሲመጣ፣ አብዛኛው ሰው ከለበሰው ልብስ ሌላ ብዙም አልያዘም ነበር። ስለዚህ ልጆች ያንን ቀሚስ ቆርጠው፣ ከሌላ ጨርቅ ጋር ገጣጥመው ብርድ ልብስ ሲያደርጉት ሥራው ቀላል አይደለም፤ አንዴ የተበላሸ ጥበብ ምትክ የለውም። ድሪቶ የሚለው ቃላችን የድህነት ስም ስላለበት አንዳንድ እናቶች ሐሳቡን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። አልቆ ሲያዩት ግን ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በስፌቱ ትርፍ ነው። የስፌት ትርፍ የምንለው ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለችውን፣ ከጀርባ የምትደበቀውን ጠባብ ቦታ ነው። የአሜሪካ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ሩብ ኢንች ይላሉ፤ ይህም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ በሴንቲ ሜትር የለመድን ሰዎች “ግማሽ ሴንቲ ያህል ነው” ብለን በ5 ሚሊ ሜትር እንሰፋለን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ስፌት በሁለቱም በኩል 1.35 ሚሊ ሜትር ሲቀር 2.7 ይሆናል፤ ስምንት ቁራጭ ባለው አንድ ረድፍ ውስጥ ደግሞ ሰባት ስፌት አለ። ረድፉ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ከጎረቤቱ ረድፍ ጋርም አይገጥምም።

በሸማ ላይ ችግሩ ይብሳል። የፋብሪካ ጥጥ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በ6 ሚሊ ሜትር ይቆማል። ሸማኔ በእጅ የሠራው ሸማ ግን ድርና ማጉ ላላ ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ክር በእጅ ሲነካ ብቻ ይወጣል። ከቤተ እስራኤል አባቶች ብዙዎቹ ሸማኔዎች ስለነበሩ ይህን ለትልልቆቹ መንገር አያስፈልግም። ለሸማ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ የመርፌውን እርምጃም ወደ 2 ሚሊ ሜትር አሳጥሩት። ከመቁረጣችሁ በፊት አንዴ እጠቡት፤ ኋላ ሲታጠብ መሰብሰቡ አይቀርም።

መኪናችሁ ትክክል መስፋቷን ለማወቅ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች አጠገብ ለአጠገብ ሰፍታችሁ በካውያ ተኩሷቸው። የመካከለኛው ስፋት፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ከሰፋችሁ፣ ልክ 4 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከ4 ከበለጠ ትርፋችሁ ጠቧል።

አሁን ወደ ተሰፋው እንመለስ። ጀርባውና ጥጡ ገና ካልተጨመሩ ዕድለኞች ናችሁ። የላዩን ጨርቅ ገልብጣችሁ በመስኮት ብርሃን እዩት፤ ስፌቱን በሁለት አውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ክሩ እየሸሸ ቀዳዳ የሚያሳየውን ቦታ በስፒል ምልክት አድርጉ። እኔ በሸማ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ሁሉ አላምነውም።

ቀላሉ መፍትሔ የቆየውን ስፌት ሳትፈቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር መስፋት ነው። ትርፉ 3 ከነበረና አዲሱን መስመር በ6 ላይ ካደረጋችሁ፣ ሁለቱም ቁራጮች በዚያ ጎን 3 ሚሊ ሜትር ያጥራሉ። ሁሉም ስፌት እኩል ጠቦ ከነበረ ይህ መጠኑንም ያስተካክላል። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ግን መስመሩን በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ቀስ በቀስ ወደ አሮጌው መልሱት፤ በድንገት ከታጠፈ ጨርቁ ይጨማደዳል።

ጥበቡ ልክ ጠርዙ ላይ ሆኖ ሁለተኛው መስመር ዲዛይኑን የሚበላው ከሆነስ? ያኔ አትስፉበት። ስፌቱን ከጀርባ በካውያ ክፈቱትና፣ በካውያ ሙቀት የሚጣበቀውን ስስ ጨርቅ፣ በጨርቅ ሱቆች ፍሊዘሊን የሚሉትን፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆርጣችሁ ስፌቱ ላይ አንጥፉት። ሙጫ ያለው ፊት ወደ ጨርቁ ይሁን። ካውያውን ወዲያ ወዲህ አትግፉት፤ አስቀምጡ፣ አንሡ፣ አጠገቡ አስቀምጡ። በላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉ፤ አለበለዚያ የቆየ ጥልፍ ይቃጠላል። ሙጫው ብቻውን ለብዙ እጥበት አይታመንም፤ ከጀርባ ትርፉንና ፍሊዘሊኑን በእጅ መርፌ ያዝ ያዝ አድርጉት። ገና ያልቆረጣችሁ ደግሞ ቀሚሱን ከመቁረጣችሁ በፊት ሙሉውን ፍሊዘሊን ብትለጥፉበት ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ።

ብርድ ልብሱ አልቆ፣ ታጥቦ፣ ከዚያ ከተከፈተ የወጣውን ክር አትጎትቱ፣ አትቁረጡም። በክፍተቱ ትንሽ ፍሊዘሊን በወረንጦ አስገቡና ሙጫውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱ፤ ከዚያ ሁለቱን ጠርዞች አቀራርባችሁ በእጅ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ስፉ። ጠርዙ ጨርሶ ከተበላ ከላይ እራፊ መጣል ይሻላል። እራፊውን ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር አጥፉት፤ ያልተበላሸውን ቦታ በደንብ ይሸፍን፣ መርፌውም በጤነኛው ጨርቅ ላይ ይረፍ። ከዚያው ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ለዚህም ነው ሲቆረጥ የወደቀውን ሁሉ በፌስታል ማስቀመጥ ያለባችሁ።

እጥበቱ በ30 ዲግሪ፣ በቀስታው ፕሮግራም ይሁን። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይግባ፤ እርጥቡን ብርድ ልብስ በአንድ ገመድ ላይ ብቻም አትስቀሉት፤ ክብደቱ ሁሉ በስፌቶቹ ላይ ያርፋል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉት።