ጥቅምት 3፦ በልጦ የመሸነፍ ቀን

ጥቅምት 3 ላይ ሁለት ሽንፈቶች ተገጣጥመዋል። አንዱ የአሜሪካኖች፣ አንዱ የኛ።

ከሩቁ ልጀምር። 1953 ዓ.ም.፣ የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ፒትስበርግ ላይ የቤዝቦል ሻምፒዮና ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። በቤዝቦል የተወረወረችውን ኳስ በዱላ መምታት ብቻውን ነጥብ አይሆንም፤ ሯጩ ዞሮ መነሻው መግባት አለበት። የኒውዮርኩ ያንኪስ በሰባቱ ጨዋታ የተሳካ ምቱ 91፣ የፒትስበርጉ ፓይሬትስ 60። ነጥቡ ሲደመር 55 ለ 27። ዋንጫውን የወሰደው ማን ይመስላችኋል? ፓይሬትስ! ያንኪስ 16 ለ 3፣ 10 ለ 0፣ 12 ለ 0 ሲያሸንፍ ፓይሬትስ በጠባብ ውጤት አራት ጊዜ አሸነፈ። የመጨረሻ ቀንም ያንኪስ በምት 13 ለ 11 ይበልጥ ነበር። 9 ለ 9 ሳሉ ግን ማዘሮስኪ አንዷን ከአጥር ውጭ ላካት። 10 ለ 9፣ አለቀ።

ልክ በ53 ዓመቱ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ፣ ተጋጣሚ የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ። የሰውነት ቢሻው ልጆች በጨዋታ በለጡ። መስመሩን አልፋለች ያልናት ኳስ ሳትቆጠር ቀረች። በኃይሉ አሰፋ አገባ፣ አገር ጮኸ። ከዚያ ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ 90ኛው ደቂቃ ላይ ራሱ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። 2 ለ 1።

እስካሁን «በልጠን ነው የተሸነፍነው» እንላለን። እውነት ነው። ግን ህዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 መሸነፋችንን የሚያነሳ ስንቱ ነው? ያንኪስን ድምሩ ይደግፈዋል፤ የኛ ድምር ግን 4 ለ 1 ነው። ያቺ ኳስ ብትቆጠር እንኳ 4 ለ 2። እርግጥ ብትቆጠር ኖሮ ካላባር የምንገባው በሌላ መንፈስ ነበር፤ ይሄን አልክድም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ታሪክ ስትጽፉ ሁለቱንም ጻፉ። ውጤቱን ብቻ ከጻፋችሁ የእነዚያን ልጆች ችሎታ ትቀብራላችሁ። ብልጫውን ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል፤ ወተቷን ሳናይ ቀጣዩ ትውልድም «ተበደልን» እያለ ያድጋል። ያንኪስ በዓመቱ ተመልሶ ዋንጫውን ወሰደ። እኛ የዓለም ዋንጫን ገና እየጠበቅን ነው።