መልስ ያጣው ደብዳቤ

ወዳጄ ሆይ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት ፈልገው ደብዳቤ ጻፉ። አውሮፓ ያኔ የእንፋሎት መርከብ አላት፣ ባቡር አላት፣ ቴሌግራፍ አላት። ደብዳቤውም ለንደን ደረሰ። ግን ምን ያደርጋል! መልስ የሚሰጥ ጠፍቶ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ንጉሡ ተቆጡ፤ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ።

እንግዲህ ልብ በል። ለመልስ ያልዋለው መሣሪያ ለጦርነት ዋለ። የናፒየር ሠራዊት በመርከብ ዙላ ደረሰ፤ ከዚያም የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ ሽቦ ዘረጋ። በእኛም አገር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ወንጌል ይዘው የመጡ ሚስዮናውያን በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ሠሩ። ሴባስቶፖልን መቅደላ ለማድረስ ተራራ ተንዶ መንገድ ወጣ፤ ሰዉ በገመድ ጎተተው። በ1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ እዚያው መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ።

ዛሬ አንተ ሐሙሲት ቁጭ ብለህ ባሕር ማዶ ካለው ልጅህ ጋር በስልክ ታወራለህ። ተመስገን ነው! ግን አጥር ለአጥር ከምትዋሰነው፣ ከተቀያየምከው ጎረቤትህ ጋር ከተነጋገርክ ስንት ጊዜ ሆነህ? መሣሪያ መንገድ ያሳጥራል እንጂ ልብ አያቀራርብም።

እግዚአብሔር ግን በልጁ በኢየሱስ በኩል ተናግሮሃል፤ ታረቀኝ ብሎሃል። መልእክቱ ደርሶሃል አይደል? እንግዲያስ አታሳድረው። ዛሬውኑ ለእርሱ መልስ ስጥ፤ ከዚያም ተነሥና የጎረቤትህን በር አንኳኳ።