ከባሕር ማዶ የመጣች ዶሮ

ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ የምትገኘው ሐርላ በአፈ ታሪክ የግዙፎች አገር ናት። ግንቡ የተሠራበት ድንጋይ ተራ ሰው የሚያነሣው አይደለም፤ ስለዚህም የጥንቶቹ ሐርላዎች ግዙፎች ነበሩ ይላል የአካባቢው ሰው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት ቦታውን የቆፈሩት ባለሙያዎች በመቃብሮቹ ያገኙት አጽም ግን እንደማንኛችንም ቁመት ያለው ሰው ነው። ነዋሪው ይህን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ስለማመኑ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ከአጽሙ ይልቅ የሚያስደንቀው ዕቃው ነው። የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ ተገኘ። የጌጥ ሠሪዎች መሥሪያ ስፍራ፣ የመስታወት ዶቃ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዛጎል፣ የቻይና ሸክላ፣ የግብፅ ሳንቲም ተገኘ። የሐርላ አንጥረኞች ብሩንና የከበረውን ድንጋይ ይሠሩበት ከነበረው ጥበብ አንዳንዱ በዘመኑ የሕንድ ጌጥ ሠሪዎች መታወቂያ ነበር። ዕቃውም ጥበቡም ከባሕር ማዶ መጣ፣ እዚህ ተሠራ፣ የእዚህ ሆነ።

ይህ ሁሉ የተባለው ስለ አንዲት ዶሮ ለማውራት ነው።

ዶሮም እንግዳ ነበረች። የዱር ዘመዶቿ ያሉት በእስያ ጫካ እንጂ በኢትዮጵያ ቆላም ሆነ ደጋ አይደለም። በትግራይ ከአክሱም መንግሥት በፊት ሰው ይኖርባት በነበረችው መዝበር የተገኘውን የዶሮ አጥንት አጥኚዋ ሔሊና ወልደኪሮስና ባልደረባዋ አጥንተው ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት 1ኛው ሺህ ዓመት ውስጥ አድርገውታል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። አጥኚዎቹ የጠቆሙት መንገድ ደግሞ የቀይ ባሕር ንግድ ነው። የሐርላ ዶቃ ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ እንግድነቷን ማን ያስታውሳል? ላባዋ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዥግርማ የሚል ስም ወጣለት። ሥጋዋ 12 ብልት ተብሎ ተቆጠረ፤ ቆጠራውን ያጓደለች ሙሽራ ምን እንደሚጠብቃት አማት ያላት ሁሉ ታውቀዋለች። ጩኸቷ እንኳ የልጆች ጨዋታ ሆነ። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «አኩኩሉ!» ሲል የሚደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። ደግሞ ይጠራል፣ ደግሞ ይመልሳሉ። ሁሉም ተደብቆ ሲያበቃ «ነጋ!» ይባላል፤ ፍለጋው ይጀመራል። የዶሮ ጩኸት ሰዓት በሆነበት አገር፣ ማታና ንጋትን ለጨዋታ ለመዋስ ከዚህ የቀለለ ዘዴ ያለ አይመስልም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይኸው ድምፅ ወደ ስልክ ገባ። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገውና በዳዊት አብርሃም የሚመራው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለ ባለ ሦስት አውታር የስልክ ጨዋታ አወጣ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ዶሮዋ ትሸሻለች፣ ገበሬው ያሳድዳል፣ ተጫዋቹ በጣቱ ያስመልጣታል። የበዓል ዋዜማ ከእጅ ያመለጠች ዶሮ በግቢው ሙሉ ሰው አስከትላ ስትዞር ላየ ኢትዮጵያዊ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ቅርጹ በውሰት የተገኘ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ማለቂያ የሌለውን የሩጫ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2011 «ቴምፕል ረን»፣ በ2012 ደግሞ «ሰብዌይ ሰርፈርስ» በዓለም ዙሪያ አስፋፍተውት ነበር። በእነርሱ ዘንድ የሚሮጠው ቅርስ የዘረፈ ጀብደኛ ወይም የባቡር ግድግዳ ላይ ሥዕል የሣለ ጎረምሳ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ሯጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከጀርባው ስለሆነ ሠሪው ከፊት ይልቅ ስለ ኋላ መጨነቅ አለበት፤ ለሰው ከባድ ነው፣ ጭራዋን ነስንሳ ለምትሮጥ ዶሮ ግን የተሠራ ይመስላል። ኩኩሉን ከሐርላ አንጥረኛ ጋር የሚያመሳስለውም ይኸው ነው፤ ጥበቡ ከውጭ፣ ምርጫው ከቤት።

የሌሎች አገሮች የጨዋታ ወፎች ሁሉ እንደ ኩኩሉ በቀላሉ አይገኙም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1988 በ«ፋይናል ፋንታሲ» ሁለተኛ ክፍል ያስገቡት ቾኮቦ፣ እንደ ፈረስ የሚጋለበው ትልቅ ወፍ፣ ጫካ ገብቶ ካልተፈለገ አይገኝም፤ ከጀርባው ሲወርዱም ጥሎ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያውያን በሠሩት «ክሮሲ ሮድ» ዶሮዋ ከመጀመሪያው በነፃ ትሰጣለች፤ ሌሎቹን እንስሳት ግን 100 ሳንቲም እየከፈሉ ከዕጣ ማሽን ማውጣት ነው። ኩኩሉ ፍለጋም ዕጣም አያሻትም፤ ጨዋታው ሲከፈት እየሮጠች ነው። በፋሲካ ዋዜማ ገበያ ዋጋዋ ሰማይ የሚነካው ዶሮ በስልክ እንዲህ መርከሷ ትንሽ ያስቃል።

ለጨዋታ ገንዘብ የመክፈሉ ችግር ግን ከስልኩ ውጭ ነበር። በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ተጫዋች የውጭዎቹ የመተግበሪያ መደብሮች እያዩ የሚያልፏቸው ሱቆች ናቸው፤ የአገር ውስጡ የሞባይል ክፍያ ቴሌብር ራሱ የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ቅኔ ጌምስ ቀጥሎ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከሌሎች የአፍሪካ ጨዋታ ሠሪዎች ጋር የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ መሥራች አባል ሆኗል።

የሐርላ ዕቃ ከባሕር ማዶ የገባበት የምሥራቁ በር ግን ሥራውን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት ድሬዳዋን ወለደ። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሁለተኛ የሞባይል ኩባንያ ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን ከየትኛውም ከተማ አስቀድሞ የጀመረው በዚያችው ድሬዳዋ ነው። ሸቀጡ በግመል፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ በአየር ሞገድ ሆነ እንጂ አቅጣጫው ያው ነው።

እንግዲህ ለጨዋታ ሠሪዎች አንድ ጥያቄ፦ ዶሮዋ ሮጣለች፣ ገበጣውም ተሠርቷል። ግዙፎች ሠሩት የሚባል ግንብ፣ ከቻይና የመጣ ሸክላ፣ በፍም ዙሪያ የተቀመጠ አንጥረኛ፣ በመጨረሻም መቃብሩ ሲከፈት መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው፤ ይህ ሁሉ ሐርላ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ጀምሩት።